የግጭት ዜና በአማርኛ፦ ከመጀመሪያው ስልክ እስከ እርማቱ

የሬዲዮ አድማጭ ዜናን ደግሞ አያነብም። ቡና እየቆላ ወይም ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ አንድ ጊዜ ይሰማል፤ የሰማውንም ለሌላ ሰው ያወራል። ግጭት ባለበት አካባቢ ያ ወሬ ሰው ገበያ እንዲወጣ ወይም ቤቱ እንዲቀር፣ ጎረቤቱን እንዲያስጠጋ ወይም እንዲሸሽ ያደርጋል። በሩዋንዳ አርቲኤልኤም የተባለው ሬዲዮ እ.ኤ.አ. በ1993 እና በ1994 ቱትሲዎችን «ኢንየንዚ» ማለትም በረሮ እያለ ይጠራ ነበር፤ ዓለም አቀፉ የሩዋንዳ የወንጀል ፍርድ ቤትም በ2003 ከጣቢያው መሥራቾች ሁለቱን ጥፋተኛ ብሏል። አብዛኞቹ የዜና ክፍሎች ግን እንዲህ ያለ ስድብ አይናገሩም። ጉዳት የሚያደርሱት በለመዱት ማሰሪያ ግስ፣ ሳያስቡት ባቀረቡት ወይም ባራቁት አጠራር ነው።

ይህ መመሪያ ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን የግጭት ዜና በአማርኛ ለሚሠሩ ዘጋቢዎች፣ ተርጓሚዎችና ተረኛ አርታኢዎች የተዘጋጀ ነው። ከሌላ ቋንቋ የተተረጎሙ መመሪያዎች ብዙ ጊዜ «አሸባሪ አትበሉ» ብለው ያበቃሉ። በአማርኛ ወገንተኝነት በይበልጥ የሚደበቀው ሌላ ቦታ ስለሆነ አብዛኛውን ገጽ ለዚያ ሰጥተነዋል።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ሠንጠረዥ፣ ቀጥሎ ዜና

ከመጻፋችሁ በፊት አምስት ዓምድ አስምሩ፦ ምን ተባለ፣ ማን አለ፣ እንዴት ሊያውቅ ቻለ፣ መቼ ነገረን፣ ሌላ ማን አረጋገጠው። እያንዳንዱ ነጥብ የራሱ መስመር ይኑረው። «ትናንት ገበያ ላይ በተፈጸመ የድሮን ጥቃት 12 ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ» የሚለው ዓረፍተ ነገር አንድ መረጃ ይመስላል፤ ሲፈታ ግን ስድስት ነው። ትናንት መሆኑ፣ ቦታው ገበያ መሆኑ፣ የመታው ድሮን መሆኑ፣ 12 መሆናቸው፣ ሁሉም መሞታቸው፣ ሟቾቹ ሰላማዊ ሰዎች መሆናቸው። ገበያ ላይ የነበረች ነጋዴ ቦታውንና ሰዎች መሞታቸውን በዓይኗ አይታ ይሆናል፤ ከሰማይ የመጣው ድሮን ይሁን የጦር አውሮፕላን ወይም ከሩቅ የተተኮሰ ከባድ መሣሪያ ግን ላታውቅ ትችላለች። ያላወቀችውን በስሟ አትጻፉ። «ከአየር የመጣ ፍንዳታ» ካለች እሱኑ በሉ።

ዋናው ሦስተኛው ዓምድ ነው። ሦስት ቃል ብቻ ይጻፍበት፦ «አየ»፣ «ሰማ»፣ «ተነገረው»። «ተነገረው» የሚል ምልክት ያለበት መስመር ብቻውን ለአየር አይበቃም። ሁለት ሰዎች አንድ ነገር ስለተናገሩም ሁለት ምንጭ አይሆኑም፤ ሁለቱም ከአንድ የቴሌግራም ገጽ አንብበው ከሆነ ምንጩ አንድ ነው፣ እሱም ቴሌግራሙ። «ይህን መጀመሪያ ከማን ሰሙ?» የምትለዋ ጥያቄ ይህን በሰከንድ ታጋልጣለች።

አራተኛው ዓምድ ዋጋው የሚታወቀው ስልክ ሲቋረጥ ነው። በትግራይ ከጥቅምት 2013 ማብቂያ ጀምሮ ለሁለት ዓመት ገደማ ስልክና ኢንተርኔት በአብዛኛው ተቋርጦ ሲቆይ፣ ቀናት ያስቆጠረ መረጃ እንደ ትኩስ ዜና የሚነበብበት ጊዜ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ «ይህ መረጃ የደረሰን ማክሰኞ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ወደ አካባቢው መደወል አልቻልንም» የሚል ዓረፍተ ነገር ዜናው ውስጥ ይግባ።

ደረጃ 2፦ የዓይን እማኝን መጠየቅ

መጀመሪያ ደኅንነቱን፦ «አሁን ለመነጋገር ይመችዎታል? አጠገብዎ ሰው አለ? ስፒከር ላይ ነዎት?» ከዚያ በኋላ በዚህ ቅደም ተከተል ጠይቁ። የት ቆመው ነበር? በእርስዎና በቦታው መካከል ስንት ቤት አለ? ከመጀመሪያው ተኩስ እስከ መጨረሻው ምን ያህል ቆየ? አስከሬን በዓይንዎ አይተዋል? ቆጥረዋል? ቀብሩ የት ተፈጸመ? የተኮሱት እነማን መሆናቸውን በምን አወቁ?

የመጨረሻዋ ጥያቄ ላይ ብዙ ዘጋቢ ይሰናከላል። እማኙ «በልብሳቸው» ይላል፤ ዘጋቢው «የመከላከያ ወታደሮች» ብሎ ይጽፋል። የደንብ ልብስ ይሰረቃል፣ ይማረካል፣ ይሸጣል። እማኙ ያየው «የመከላከያን የደንብ ልብስ የለበሱ ሰዎች» ነው፤ ከዚያ በላይ ለማለት ተሽከርካሪያቸውን፣ ከየት እንደመጡና ወዴት እንደሄዱ፣ ቀድሞ የት ሰፍረው እንደነበር መጠየቅ ያስፈልጋል። «መከላከያ ነው የተኮሰው፣ አይደል?» ወይም «ፋኖዎቹ ናቸው፣ አይደል?» ብላችሁ አፉ ውስጥ መልስ አታስገቡ። የፈራ ሰው የተሰጠውን ይቀበላል።

እማኙ ስሜ ይቆይ ካለ ስሙን መተው ብቻ አይበቃም። «በገበያው በር ላይ ሻይ የምትሸጥ የሦስት ልጆች እናት» ማለት በትንሽ ከተማ ስሟን ከመጥራት አይለይም። «የከተማዋ ነዋሪ» ይበቃል። ድምፅን በማቅጠን ወይም በማጎርነን መቀየርም አስተማማኝ አይደለም፤ በቀላል ሶፍትዌር ወደ ነበረበት ሊመለስ ይችላል። ቃሉን የጣቢያው ባልደረባ ያንብበው፤ ለአድማጩም «ለደኅንነታቸው ሲባል ቃላቸውን ባልደረባችን ያነበዋል» ተብሎ ይነገር።

ደረጃ 3፦ ቁጥር

«በርካታ» እና «እጅግ በርካታ» ይውጡ። «በመቶዎች የሚቆጠሩ» ለአንዱ አድማጭ 200፣ ለሌላው 900 ነው፤ ምንጩ ራሱ ከዚህ የተሻለ ካላለ በስሙ ይነገር፣ በጣቢያው ስም ግን አይሆንም። «ቢያንስ» የምትለዋ ቃል የምታገለግለው ለተቆጠረ ነገር ብቻ ነው፤ ማንም ያልቆጠረው ቁጥር ፊት ስትቆም የተጣራ ታስመስለዋለች።

«50 ሙትና ቁስለኛ» የሚል መግለጫ ሲመጣ ማውጣት ያለባችሁ ጥያቄ «ስንቱ ሞተ?» ነው። መልስ ከሌለ መልስ አለመኖሩን ጻፉ። ርዕሱ ላይ 50 ብላችሁ ሞት አስመስላችሁ አታውጁት።

የአማርኛ አክብሮትም ቁጥር ያምታታል። «የወረዳው አመራር ተገደሉ» ሲባል የሞቱት አንድ የተከበሩ ሰው ናቸው ወይስ ብዙ? ጸሐፊው ያውቃል፤ አድማጩ አያውቅም። «አንድ የወረዳው አመራር ተገደሉ» ወይም «ሦስት የወረዳው አመራሮች» በሉ።

ጠንካራው ቆጠራ የስም ዝርዝር ነው፤ የራሱ ወጥመድ ግን አለው። የቤተ ክርስቲያን ዝርዝር የክርስትና ስም ሊይዝ ይችላል፣ የቤተሰብ ዝርዝር የዓለም ስም ይይዛል፤ ሁለቱን የደመረ ሰው አንዱን ሟች ሁለት ጊዜ ይቆጥራል። ስምን ከአባት ስምና ከዕድሜ ጋር አስተያዩ። በሆስፒታል 9፣ በቀብር ቦታ 12 ተብሎ ሲነገራችሁም 21 ብላችሁ አትደምሩ፤ ሆስፒታል የሞቱት እዚያው ቀብር ላይ ተቆጥረው ይሆናል። የተለያዩ ቁጥሮች ሲመጡ መካከለኛውን መፈለግም ስህተት ነው። እያንዳንዱን ከባለቤቱ ጋር አቅርቡ፤ ቀድሞ የሚመጣውም በሥልጣን የበለጠው ሳይሆን የቆጠረው ሰው ነው።

ደረጃ 4፦ «ማን አለ?» ቀድሞ ይምጣ

የአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። ይህ ለጽሑፍ ውበት ነው፤ ለግጭት ዜና ግን አደጋ አለው። ይህን ጮክ ብላችሁ አንብቡት፦

«ትናንት ምሽት በመንግሥት ወታደሮች በተከፈተ ተኩስ 30 ሰላማዊ ሰዎች፣ ከእነዚህም 11 ሕፃናት፣ መገደላቸውን የታጣቂዎቹ ቃል አቀባይ ገለጹ።»

አድማጩ «ቃል አቀባይ» የሚለው ጆሮው እስኪደርስ ድረስ ዜናውን እንደ ተረጋገጠ እውነት ይዞት ቆይቷል። መሐል ላይ ሞገዱ ከተቋረጠ ወይም ልጁ ከጠራው ባለቤቱን ሳይሰማ ይቀራል። ስለዚህ ያልተረጋገጠ ነገር ሁሉ በባለቤቱ ይጀምር፦ «የታጣቂዎቹ ቃል አቀባይ እንደሚሉት...»፣ «የክልሉ መንግሥት ባወጣው መግለጫ...»። ከሁለት ዓረፍተ ነገር በላይ የአንድ ወገን ቃል ከቀጠለም ባለቤቱ በየሁለት ዓረፍተ ነገሩ እንደገና ይጠራ።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይረቅቃል። «መገደላቸውን ገለጹ» እና «ተገድለዋል አሉ» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ሰዎቹ መገደላቸውን እንደ ታወቀ ነገር ይዞ ቃል አቀባዩ ያንን ነገሩን ይላል። ሁለተኛው ኃላፊነቱን በተናጋሪው ላይ ይተዋል። «መውረራቸውን»፣ «መጨፍጨፋቸውን»፣ «ነጻ መውጣቷን» እያለ የሚሄድ ጽሑፍ ከላይ ሲታይ ምንጭ ጠቅሷል፤ ከውስጥ ግን ጣቢያው ራሱ መስክሯል። ክርክር ያለበትን ሁሉ ወደ «...አለ»፣ «...ብለዋል»፣ «...ሲል ከሰሰ» አዙሩት። ከሁሉም እርማቶች አንዱን ብቻ የምታስገቡ ከሆነ ይህን አስገቡ።

ከዚያ የማሰሪያ ግሱ ምርጫ ይመጣል። «አለ»፣ «ተናገረ» ደኅና ናቸው። «ገለጸ» እና «አስታወቀ» በዜና ቋንቋችን የተለመዱ ቢሆኑም የተናጋሪውን ቃል ወደ እውነት ያዘነብላሉ፤ ለስብሰባና ለሹመት ዜና ይቆዩ። «ጠቆመ»፣ «አስገነዘበ»፣ «አብራራ»፣ «አጋለጠ» ተናጋሪው ልክ ነው ብለው ይፈርዳሉ። «አረጋገጠ» ማስረጃ ላሳየ ብቻ ነው። «አመነ» የሚባለው ቀድሞ አስተባብሎ የነበረ ሰው ሲናገር እንጂ፣ ያልተጠየቀውን በፈቃዱ ለተናገረ አይደለም። የተከሰሰው ወገን ሲመልስ «አስተባበለ» እንጂ «ካደ» አይባልም። አንዱን ወገን «አስታወቀ»፣ ሌላውን «ተናገረ ቢባልም» እያላችሁ ከሆነ ሁለቱንም በአንድ ግስ እሰሩ።

«ተገለጸ»፣ «ተነገረ»፣ «ተባለ» ብቻቸውን አይቁሙ። ማን ገለጸ? መልስ ከሌለ ዓረፍተ ነገሩ ይሰረዛል። «ያልታወቁ ታጣቂዎች» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ብዙ ጊዜ የአካባቢው ሰው ያውቃቸዋል፣ ያላወቀው ጣቢያው ነው። «ጥቃቱን ማን እንደፈጸመው ማረጋገጥ አልቻልንም» በሉ።

ይህ ሁሉ ግን ላልተረጋገጠ ነው። ዘጋቢያችሁ ቆማ የቆጠረችውን፣ ቦታውና ጊዜው በተጣራ ቪዲዮ የታየውን «ተብሏል» ብሎ ማንጠልጠል ገለልተኝነት አይደለም፤ የተረጋገጠን ግፍ ወደ ወሬ ማውረድ ነው። የተረጋገጠውን በጣቢያው ድምፅ፣ ያለ ማመንታት ተናገሩ።

ደረጃ 5፦ ቃላቱ

ተገደለ፣ ሞተ፣ ቆሰለ፣ ተቆጣጠረ፣ ለቆ ወጣ፣ ተኮሰ። የግጭት ዜና አብዛኛው በእነዚህ ይነገራል። የእኛው ወገን «ሲሰዋ»፣ የዚያኛው «ሲደመሰስ» ሞቱ አንድ ሆኖ ፍርዱ ሁለት ሆኗል፤ ሁለቱም «ተገደሉ» ናቸው። «ነጻ አወጣ» እና «ወረረ» ለአንድ ድርጊት የተሰጡ የሁለት ወገኖች ስሞች ናቸው፤ በእኛ አፍ «ተቆጣጠረ»።

በተለይ ልትጠነቀቁለት የሚገባው «እርምጃ ተወሰደባቸው» ነው። ታሰሩ? ተባረሩ? ተገደሉ? በመግለጫዎች ውስጥ ብዙ ጊዜ ግድያ ማለት ነው፤ ሰው መሞቱን ሳይናገር ያልፋል። ደውላችሁ ጠይቁ፤ መልስ ካልተሰጣችሁ «ምን ዓይነት እርምጃ እንደሆነ መግለጫው አላብራራም» ብላችሁ ጨምሩ። «የተኩስ ልውውጥ» የሚባለው ሁለቱም ወገን መተኮሱ ሲታወቅ ብቻ ነው፤ ካልታወቀ «ተኩስ» ይበቃል። «እጅ ሰጠ» በፈቃድ ነው፣ «ተማረከ» በውጊያ መሐል ነው። «ታሰረ» ሕግ አስከባሪ ሲይዝ ነው፤ «ታገተ» በኃይል ተይዞ ገንዘብ ወይም ሌላ ነገር ሲጠየቅበት ነው። ድንበር ያልተሻገረ «ተፈናቃይ»፣ የተሻገረ «ስደተኛ» ነው።

«ንጹሃን» የሚለውን ከጣቢያው ድምፅ አውጡት፤ «ሰላማዊ ሰዎች» በሉ። ንጹሕ ያልሆነው ማን ነው የሚል ጥያቄ ከኋላው ይጎትታል፣ ሬሳን በጥፋተኝነትና በንጽሕና ይለያል። «ዘር ማጥፋት» በ1948ቱ (እ.ኤ.አ.) ዓለም አቀፍ ስምምነት ትርጉም የተሰጠው ወንጀል ነው፤ አንድን ብሔራዊ፣ የጎሣ፣ የዘር ወይም የሃይማኖት ቡድን በሙሉ ወይም በከፊል የማጥፋት ሐሳብ መኖሩን ይጠይቃል። በባለቤቱ ስም ብቻ ይነገር። የሟቾችን ብሔር መጥራትም እማኞች ወይም አጥቂዎቹ ራሳቸው ማንነትን ምክንያት ማድረጋቸው በማስረጃ ሲታይ እንጂ ከአካባቢው ስም በመገመት አይደለም።

የተደፈረችን ሴት «ክብሯን ተነጠቀች» አትበሉ። ክብር ያጣው አድራጊው ነው። «ተደፈረች» ወይም «የወሲብ ጥቃት ተፈጸመባት» ይባል፤ ቀበሌዋ፣ ትምህርት ቤቷና የባሏ ሥራ አይጠቀሱ።

በሬዲዮ ትእምርተ ጥቅስ አይሰማም። ወረቀቱ ላይ «ጽንፈኛ» በጥቅስ ውስጥ ስለተቀመጠ ተለይቷል ብላችሁ አትመኑ፤ አድማጩ የሚሰማው የአንባቢውን ቃል ነው። «መግለጫው ጽንፈኛ ሲል የጠራቸው» ተብሎ በድምፅ ይለይ።

ደረጃ 6፦ የቡድንና የቦታ ስም

መነሻው ቡድኑ ራሱን የሚጠራበት ስም ነው፤ አከራካሪ ሲሆን ሌላው ወገን የሚጠራበት አንድ ጊዜ ይጨመራል። ለምሳሌ «ራሱን የኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት ብሎ የሚጠራው፣ መንግሥት ደግሞ ሸኔ የሚለው ታጣቂ ቡድን»፤ ከዚያ በኋላ «ቡድኑ»። «ኦነግ ሸኔ» ማለት በሕጋዊነት የተመዘገበውን የኦነግ ፓርቲ ከታጣቂው ጋር ያደባልቃል። «ፋኖ አለ» የሚለውም አይሠራም፤ ፋኖ የተለያዩ አደረጃጀቶች የሚጠሩበት ስም ስለሆነ የትኛው አደረጃጀትና የትኛው ቃል አቀባይ እንደተናገረ ይገለጽ።

«አሸባሪ» ላይ ከትናንት የምንማረው አለ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሕወሓትንና «ሸኔ»ን በሽብርተኝነት የፈረጀው ሚያዝያ 28 ቀን 2013 ነው። ጥቅምት 23 ቀን 2015 የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈረመ፤ መጋቢት 13 ቀን 2015 ምክር ቤቱ የሕወሓትን ፍረጃ አነሳ። «አሸባሪው ሕወሓት» እያለ በራሱ ድምፅ ያነብ የነበረ ጣቢያ በአንድ ቀን ቋንቋውን መቀየር ነበረበት። «ምክር ቤቱ በሽብርተኝነት የፈረጀው» ይል የነበረው ግን መረጃውን ብቻ አደሰ፤ የቀድሞ ዜናው ዛሬም ትክክል ነው። ለጦርነቱ ስምም ይኸው ይሠራል፦ «ሕግ የማስከበር ዘመቻ» የመንግሥት ስያሜ ነው፣ በባለቤቱ ስም ይነገር።

የይገባኛል ክርክር ያለበት መሬት ላይ ከትንሹ ጀምሩ። «ሑመራ ከተማ» ማንንም አያጣላም። «ምዕራብ ትግራይ» ወይም «ወልቃይት» ብቻውን ግን ፍርድ ነው፤ ከተማዋን ከጠራችሁ በኋላ «የአማራና የትግራይ ክልሎች የይገባኛል ጥያቄ የሚያነሱበት አካባቢ» ብላችሁ ጨምሩ። ቀበሌ ስትጠሩ ወረዳና ዞን አይቅር፤ ተመሳሳይ ስም ያላቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው፣ የተሳሳተ ቦታ የሰማ ቤተሰብ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ሲደውል ያድራል።

ደረጃ 7፦ አንቱታ

ሚኒስትሩ «ተናገሩ»፣ የታጣቂው መሪ «ተናገረ»። አንድም ስድብ ሳይኖር ጣቢያው ወገኑን ለየ። ገበሬው «ተገደለ»፣ አስተዳዳሪው «ተገደሉ» ሲባልም ሁለቱ ሬሳዎች በእኩል ዓይን አልታዩም። ሕጉ አጭር ይሁን፦ ስሙ ወይም ኃላፊነቱ የሚጠቀስ አዋቂ ሁሉ በአንቱታ፣ ተቋምና ቡድን በነጠላ፣ ልጆች በአንተና በአንቺ። «አቶ»፣ «ወይዘሮ»፣ «ጄኔራል» ለአንዱ ከተሰጠ ለሌላውም አቻው ይሰጥ፤ በታጣቂዎች ዘንድ የተሰጠ ማዕረግ ከሆነ «በቡድኑ ውስጥ... የሚል ማዕረግ ያላቸው» ይባል። «ሠራዊታችን»፣ «ጠላት»፣ «የወገን ጦር» በጣቢያው አፍ አይገቡም።

ደረጃ 8፦ ቀንና ሰዓት

«ሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት» ያለ እማኝ እንደ ልማዳችን ሰኞ ከመሸ በኋላ ማለቱ ከሆነ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ቀኑ ማክሰኞ ሆኗል። «ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ» ካላችሁ ጥያቄ የለም። ከውጭ ዜና አገልግሎት ስትተረጉሙ የግሪንዊች ሰዓት ላይ 3 ጨምሩ፦ 18 ሰዓት ግሪንዊች 21 ይሆናል፣ ያም ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ሴፕቴምበርን «መስከረም»፣ ኖቬምበርን «ኅዳር» ብላችሁ አትተርጉሙ፤ ቀኑ በአሥር ቀን አካባቢ ይዛነፋል። ለዋሽንግተን አድማጭ የሚያሰራጭ ጣቢያ ደግሞ «ዛሬ» ከማለት የቀኑን ስም ይጥራ፤ እዚያ በፈረንጅ ሰዓት ምሽት 8 ሲሆን አዲስ አበባ ሌላ ቀን ገብቷል።

አንድ ዜና ከጥሬው እስከ አየር

ለመለማመጃ የተዘጋጀ መግለጫ ይኸውና፦

«ጀግናው ሠራዊታችን በከተማዋ በመሸገው ጽንፈኛ ቡድን ላይ በወሰደው የማያዳግም እርምጃ 45 የቡድኑ አባላት ሙትና ቁስለኛ ሲሆኑ ከተማዋም ከጠላት ነጻ መውጣቷ ተገለጸ።»

ከሥራ በኋላ፦

«የመከላከያ ሠራዊት ከተማዋን ሰኞ ዕለት መልሼ ተቆጣጥሬያለሁ አለ። ሠራዊቱ በመግለጫው 45 ታጣቂዎች ተገድለዋል ወይም ቆስለዋል ብሏል፤ ስንቱ እንደሞቱ ግን አልለየም። የታጣቂዎቹ ቃል አቀባይ በበኩላቸው ከተማዋ አሁንም በታጣቂዎቹ እጅ ናት ብለዋል። ሁለት ነዋሪዎች ዛሬ ጠዋት በስልክ እንደነገሩን በዋናው መንገድ ላይ የመከላከያን የደንብ ልብስ የለበሱ ሰዎች አይተዋል፤ ከወንዙ ማዶ ግን እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ተኩስ ይሰማ ነበር። የሟቾቹን ቁጥር ማረጋገጥ አልቻልንም።»

የቃል አቀባዩ ጥሬ ቃል «በእጃችን ናት» የሚል ነበር እንበል። በሬዲዮ «እጃችን» የጣቢያው እጅ ሆኖ ሊሰማ ስለሚችል ወደ «በታጣቂዎቹ እጅ» ተመልሷል። ነዋሪዎቹ ለሁለቱም ወገን አልፈረዱም፤ ያዩትንና የሰሙትን ብቻ ሰጡን፣ ከሁለቱ መግለጫዎች የበለጠ የሚነግረንም እሱ ነው። ስትጨርሱ የቡድኖቹን ስም አለዋውጡና ዜናውን እንደገና አንብቡ፤ የከበዳችሁ ቃል ካለ እሱን ቀይሩት።

ደረጃ 9፦ ድምፅና ምስል

ከዜናው ሥር ማርሽ፣ ቀረርቶ ወይም የኀዘን ሙዚቃ አይግባ። ከትግርኛ ወይም ከአፋን ኦሮሞ ሲተረጎም የተናጋሪው የራሱ ድምፅ ሁለት ሦስት ሰከንድ ይሰማ፤ ተርጓሚው ቁጣውንም ልቅሶውንም አያስመስል። የአንዱን ወገን ቃል በለሰለሰ፣ የሌላውን በሻከረ ድምፅ ማስነበብ ሲደጋገም አድማጭ ያውቀዋል። የቆየ ምስል ላይ «ከማኅደር» የሚለው ጽሑፍ ምስሉ እስኪያልቅ ይቆይ። በስክሪኑ ግርጌ የሚያልፈው ጽሑፍ ጠባብ ስለሆነ መጀመሪያ የሚቆረጠው ምንጩ ነው፤ «መከላከያ፦ ከተማዋን ተቆጣጥሬያለሁ» ብሎ ማስፈር ሁለቱንም ያስገባል።

ደረጃ 10፦ ምላሽና እርማት

የተከሰሰው ወገን ዜናው ከመውጣቱ በፊት ይደወልለት፤ ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ በመካከል ሰዓት ሰጥታችሁ፣ ክሱን በዝርዝር ከያዘ አጭር የጽሑፍ መልእክት ጋር። «ስልካቸውን አላነሱም» እና «ምላሽ ለመስጠት ፈቃደኛ አልሆኑም» የተለያዩ ናቸው፤ የሆነውን ብቻ በሉ። ምላሹ መጨረሻ ላይ አይጣል፤ ከክሱ ቀጥሎ ይግባ። ከአየር በፊትም ዜናውን ያልጻፈው ባልደረባ ጮክ ብሎ ያንብበው፣ ሌላው ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥ፤ «ማን አለ?» ብሎ የጠየቀበት ቦታ ሁሉ ይታረም።

ስህተት ሲገኝ እርማቱ ስህተቱ በተነገረበት ሰዓት ባለው ዜና፣ በዚያው ቦታ ይነገር፦ «ትናንት ምሽት በ2 ሰዓት ዜናችን ሟቾቹ 21 ናቸው ብለን ነበር፤ ትክክለኛው ቁጥር 12 ነው። የሆስፒታሉንና የቀብሩን ቁጥር በስህተት ደምረን ነበር፤ ይቅርታ እንጠይቃለን።» ምን እንደተሳሳተ፣ ትክክሉ ምን እንደሆነና ስህተቱ እንዴት እንደመጣ ይበቃል። ዩቲዩብና ቴሌግራም ላይ የተጫነውን ድምፅ ዝም ብላችሁ አትሰርዙ፤ ያወረዱት ሰዎች ዘንድ ስህተቱ ይኖራል፣ እርማቱ ግን አይኖርም። የታረመውን በአዲስ ፋይል ጫኑ፣ እርማቱን መጀመሪያው ላይ አድርጉ። ወረቀቱንም ከደረጃ 1 ሠንጠረዥ ጋር አያይዙት፤ ዓመት ቆይቶ ማኅደሩን የሚከፍተው ዘጋቢ 21ን ትቶ 12ን እንዲያነሳ የሚያደርገው ያ ወረቀት ብቻ ነው።